የግራው ስፒከር

«ይኼ ትዳር ስድስት ወር አይዘልቅም፤ በኋላ አልነገርሽንም እንዳትሉ» የሚል የሴት ድምፅ ከግራው ስፒከር ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ እኔ ሳሎኑ መሀል ወንበሬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሚስቴ ደግሞ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ተቀምጠን ነበር። የሚሰማው የሰርጋችን ካሴት ነው። ስድስት ወር አይዘልቅም የተባለውም ትዳር፣ ሌላ ትዳር የለምና፣ የእኛው ነው። ዘንድሮ ሃያ ሰባት ዓመቱን ይዟል። ተናጋሪዋን ለመለየት ሁለቴ መስማት አላስፈለገንም፤ እትዬ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አጥባ፣ አብልታ፣ ቆንጥጣ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ። ዛሬ ለምሳ እኛ ቤት የምትመጣው እትዬ።

ዘልዬ ተነሥቼ ካሴቱን አቆምኩት። ጥፋቱ የአዲሱ አምፕሊፋየር ነው፣ ጥፋት ከተባለ። ቤት ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዋጋውን አታንሱብኝ፤ የሁለት ወር ደሞዜ ነው፣ ለሚስቴ የነገርኳት ግን የአንዱን ወር ብቻ ነው። ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በጆሮዬ ነው፤ ዘይት የጠማው መዘውርም ሆነ ሊበጠስ የደረሰ ገመድ የየራሱ ድምፅ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ገብቶ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን ብቻ ሙዚቃ ሲሰማ ኖረ ቢባል ማን ያምናል? አሮጌውን አምፕሊፋየር ከሰው እጅ ነበር የገዛነው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ የግራው ወገን ዲዳ ነው። ስፒከሩን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ሆዱን ከፍቼ አንዴም ሦስቴም ነካካሁት፤ እምቢ አለ። ለመድነው። ሰው የማይለምደው የለም።

አዲሱን ከካርቶኑ አውጥቼ ባገናኘሁበት ቀን ግን እግዜር ያሳያችሁ። ማዞሪያው ከብረት የተቀረጸ፣ ከበድ ያለ፣ በጣት ሲነኩት ሳያቃስት የሚሄድ ነው። በደንብ የማውቀውን ዘፈን አደረግሁ፤ የማውቀው መስሎኝ ነበር። አንድ ጊታር ያልኩት ሁለት ጊታር ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ግራ ጥግ ላይ ሲመታ ኖሮ የሰማው የለም። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ይሰማል። ከበሮ መቺው አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ዱላው ከጠርዙ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ዕንባ መጣብኝ። አላፍርም፤ መጣብኝ። ሚስቴን ጠርቼ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳትና አሰማኋት፤ «ጥሩ ነው» አለች፣ ከአሥር ሰባት ላመጣ ተማሪ በምትናገርበት ድምፅ። የወንበሩን አራት እግር ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁበት፣ ምክንያቱም እሷ ስትጠርግ ወንበሩን ሁለት ጣት ካስጠጋችው የግራው ጊታር ወደ መስኮቱ ይሸሻል። «የሒሳብ አስተማሪ ሆነሽ ሁለት ጣት አይታይሽም?» ብዬ መጨቃጨቅም ጀምሬ ነበር።

ካሴቱን እንስማው ያለችው ራሷ ሚስቴ ናት፤ የሚያንገበግበው እሱ ነው። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። ዕድሜዋን በሙሉ ቢሮ ውስጥ ስትተይብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ጣቶቿ ደህና ናቸው፣ ጉልበቷ ግን ከድቷታል። ባለፈው ወር ከዕቃ መግዛት ስትመለስ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው መጥቶ እስኪያነሳት አንድ ሰዓት ጠብቃለች። ይኼንንም የሰማነው ከጎረቤቷ እንጂ ከእሷ አይደለም። ልጃችን ሥራ ይዞ ከቤት ከወጣ ወዲህ ከሳሎኑ አጠገብ ያለችው ትንሿ ክፍል ባዶ ናት። እትዬ እዚያ ትግባ ብዬ ሚስቴን ዓመት ሙሉ ስለምናት ቆይቼ ባለፈው ሳምንት እሺ አለች። ቁልፍ አስቀረጸች፣ መጋረጃ ቀየረች፣ «ዛሬ ምሳ ላይ ቁልፉን እኔው በእጄ እሰጣቸዋለሁ» አለች። ከዚያም ይባስ ብላ «የሰርጋችንን ካሴት ፈልገው እስቲ፤ ድሮ በትንሿ ቴፕ ስንሰማው ሁሉም ተደባልቆ የገበያ ጫጫታ ነበር የሚመስለው። በአዲሱ ይሰማ ከሆነ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል» አለችኝ። ፈለግሁት። አገኘሁት። ይሰማል።

«ድገመው» አለችኝ አሁን። ድምጿን አላነሳችም። ደገምኩት። እጄ ማቆሚያው ላይ ሆኖ «እንዳትሉ» የምትለዋ ቃል እንዳለቀች ቀጭ አደረግሁት፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለች ሴት በሁለተኛው ምን እንደምትል ማን ያውቃል። ሚስቴ አራት ጊዜ አስደገመችኝ። አራቱንም ጊዜ እዚያው ላይ ቆረጥኩት።

«ሃያ ሰባት ዓመት ያለፈው ነገር እኮ ነው» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው! ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ሲገቡ ጉንጬን እየሳሙ፣ በሆዳቸው ግን ስድስት ወር እየቆጠሩ!»

«ስድስቱ ወር ካለፈ በኋላማ መቁጠሩን ትታለች።»

ቀልዱ አልሠራም። ሚስቴ ተነሥታ ቁልፉን ከፍሪጁ ላይ አነሳችና የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ምሳ ይበላሉ፤ ምሳ አልከለክልም» አለች። «ከምሳ በኋላ እዚህ ወንበርህ ላይ ታስቀምጣቸውና ታሰማቸዋለህ። ሰምተው ሲጨርሱ ቁልፉን ልጠይቅ ካሉ ይጠይቁኝ።» ከዚያ ወደ ፈተናው ወረቀት ተመለሰች። የዚያን ቀን የታረሙት ልጆች ያሳዝኑኛል። ቤቱ ውስጥ እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሲጭረው ብቻ ይሰማ ነበር፣ እሱም ከወትሮው ጠንከር ብሎ። እኔ እትዬን ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳለች በሐሳቤ እያየኋት ነበር።

ስልኬ ጠራ። የአንድ ክሊኒክ ሕንፃ ሊፍት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሀል ላይ ቆሟል፣ ቅዳሜም ቢሆን ቶሎ ይምጡልን ነው። ከቤት ለመውጣት ምክንያት ባገኝ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የመሣሪያ ሳጥኔን አንሥቼ ሮጥኩ። ሊፍቱ ውስጥ ሰው አልነበረም፣ አንሶላ የተጫነበት ጋሪ ብቻ ነው። ከላይ ወጥቼ የካቻቢቴዬን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁና ዘበኛውን «ትንሽ አንቀሳቅሰው» አልኩት። ሊፍት ሲያመው ይናገራል፤ ሰው ነው የሚደብቀው። በግራ በኩል ያለው መሪ ጫማ፣ ሊፍቱን በሐዲዱ ላይ የሚይዘው ብረት፣ ደርቆ እየጮኸ ነበር፣ ቅባት አጥቶ። አጸዳሁት፣ ቀባሁት፣ ዝም አለ። ዘበኛው «ምን አደረግከው?» ሲለኝ «ዝም አሰኘሁት» አልኩት፣ ይኼኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ግራውን ዝም ማሰኘት! አሮጌው አምፕሊፋየር ግራ የለውም እኮ። በአሮጌው ከተሰማ እትዬ ምንም አላለችም ማለት ነው። ሚስቴ አስተማሪ ናት፣ ማስረጃ በሌለበት አትፈርድም። ያን ያህል ዓመት የረገምኩትን ዕቃ እንዲህ እናፍቀዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አሮጌውን ከእኛ ሕንፃ ምድር ቤት ላለው ፀጉር ቆራጭ ከሰጠሁት ሦስት ቀኑ ነው። ስደርስ ሱቁ ሙሉ ነው፤ አንዱ ወንበር ላይ አገጩ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ። አምፕሊፋየሩ ከሽቶ ጠርሙሶቹ መሀል ተቀምጦ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ጨርቅ ለብሶ እኔ ቤት አይቶት የማያውቀውን ክብር አግኝቷል። በቀኙ ወገን ብቻ ዜና ያነብባል።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ልዋሰው» አልኩ።

ፀጉር ቆራጩ ምላጩን እንደያዘ ዘወር አለ። «ጋሼ፣ የሰጡትን ደግሞ ይዋሳሉ እንዴ? አዲሱ ተበላሸ?»

ምን ልበል? «አዎ» አልኩ። ያን የመሰለ አምፕሊፋየር፣ በሦስተኛ ቀኑ፣ በአደባባይ ስሙን አጠፋሁት። ልጄን የካድኩት ያህል አፈርኩ።

«እኔ ብዬ ነበር!» አለ ፀጉር ቆራጩ። አረፋ የለበሰው ሰውዬም «የዛሬ ዕቃ እኮ ከላዩ ነው የሚያብረቀርቀው» አለ። አግዳሚው ላይ ያሉት ተቀበሉት፤ አንዱ የገዛው ፍሪጅ እንዴት በወሩ እንደሞተ፣ ሌላው የአጎቱ ቴሌቪዥን እንዴት እንደጨሰ አወሩ። «ስንት ተገፈፉ?» አሉኝ። የነገርኳቸው ለሚስቴ የነገርኳትን ነው፤ እንዲያም ሆኖ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በሆዴ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ትንፋሽ ያሰማል እኮ!» እያልኩ፣ በአፌ «እውነታችሁን ነው» እያልኩ ሽቦውን ነቀልኩ። ዜናው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቋረጠ። «አንድ ሰዓት ነው ያልነው ጋሼ» ሲል ፀጉር ቆራጩ ከኋላዬ ተጣራ።

ሊፍት የሚጠግን ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም፤ ይኼን ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀልደው ጨርሰውታል። አሮጌው አምፕሊፋየር ድንጋይ ነው የሚያክለው። የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሼ ስታጠፍ እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። በአንድ እጇ የብረት መደገፊያውን፣ በሌላው በቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ ተክል ይዛለች፤ ከመስኮቷ ሥር ለዓመታት ስታሳድገው የኖረችውን ቅጠለ ሰፊ ተክል።

«ምንድነው እሱ የተሸከምከው?»

«አሮጌው አምፕሊፋየር ነው።»

«ለፀጉር ቆራጩ ሰጠሁት ብለኸኝ አልነበር?»

«ለትንሽ ጊዜ ነው። ለ... ለማወዳደር።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል፤ ከሕፃንነትህ ጀምሮ» አለችና ተክሏን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አስቀምጣ፣ እኔ በሁለት እጄ፣ እሷ በአንድ እጇ አንዱን ጠርዝ ደገፍ አድርጋ መውጣት ጀመርን። በየሦስቱ ደረጃ እናርፋለን። እርዳታዋ ሸክሙን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም፣ ግን ተይ ማለት አልቻልኩም። ላይ ፍርድ የሚጠብቃት ይህቺው ሴት ናት ብዬ ሳስብ፣ አምፕሊፋየሩ ሳይሆን ሌላ ነገር ከበደኝ።

በሩን ሚስቴ ከፈተችው። አምፕሊፋየሩን አየች። እኔን አየች። እትዬን፣ ቀጥሎ ተክሉን አየች። ከዚያ እንደገና አምፕሊፋየሩን። ስሌቱ ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ ለእኔ ደግሞ «እሱን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠው፤ ሳሎኑ ውስጥ የሚሠራ አለ» አለችኝ። አስቀመጥኩት። ሴራዬ ሁለት ፎቅ ወጥቶ እዚያው በር ላይ ሞተ።

ምሳው ሩዝና ዓሣ ነበር። ሚስቴ እትዬ በመጣች ቁጥር እንደምታደርገው ከቁም ሣጥኑ የወርቅ ጠርዝ ያላቸውን ሳህኖች አወጣች። «ይብሉ እንጂ እትዬ»፣ «ይጨመርልዎ እትዬ»፤ እትዬም «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ዓሣው ግሩም ነው»። ሹካ ከሳህን ጋር ሲነካካ ይሰማል። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ጎረቤት ውኃ ሲከፍት ይሰማል። እትዬ አንዴ ወደ ትንሿ ክፍል በር ተመለከተችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ጉሮሮዋን ጠርጋ «እኔ እንኳ ዛሬ የመጣሁት...» ብላ ስትጀምር ሚስቴ «መጀመሪያ እንብላ» አለች። ጥቂት ቆይታ እትዬ እንደገና «ስለዚያ ክፍል ነገር...» አለች፤ ሚስቴ «ሎሚ ላምጣልዎ» ብላ ተነሣች። እኔ የዓሣ አጥንት እለቅማለሁ፣ አጥንት የሌለበትን ቦታ ሳይቀር።

ሳህኑ ሲነሳ ሚስቴ እትዬን ክንዷን ይዛ ወንበሬ ላይ አስቀመጠቻት፤ አራቱም እግር በፕላስተሩ ላይ ነበር፣ ልብ ብያለሁ። «የሰርጋችንን ካሴት አግኝተናል። በአዲሱ መሣሪያ ይስሙልን» አለች። እትዬ ፊቷ በራ። «እውነት? አለ እሱ ካሴት?» ብላ ቦርሳዋን ከፍታ መነጽሯን አደረገች፣ በደንብ ለመስማት። እኔን አንጀቴን የበላኝ ያ መነጽር ነው። ሚስቴ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ እጇ ኪሷ ውስጥ፣ ቁልፉ ላይ። እኔ ከአምፕሊፋየሩ ጎን ተንበረከክሁና ካሴቱን ለቀቅሁት።

ሙዚቀኞቹ አንድ ዘፈን እየጨረሱ ነበር። ምን ላድርግ፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥም ደስ አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ገባ፤ ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣ ወንበር ከቀኝ ወደ ግራ ሲጎተት በዓይኔ የማየው ያህል ነው፣ ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሄዳል። መቅጃው የተቀመጠው ሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ነበርና ብርጭቆ ሲቀመጥ እጃችን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከዚያ ዘፈኑ አለቀ፣ ጸጥ አለ፣ ግራው ስፒከር ተናገረ።

«ይኼ ትዳር ስድስት ወር አይዘልቅም፤ በኋላ አልነገርሽንም እንዳትሉ።»

ሚስቴ እትዬን ፊት ፊቷን እያየቻት ነው። እጄን ወደ ማቆሚያው ሰደድኩ፤ ልነካው አንድ ጣት ሲቀረኝ እትዬ አንጓዬን ያዘችኝ። እነዚያ የታይፕ ጣቶች ብረት ናቸው። «ተወው፣ ምን ያስቸኩልሃል» አለችኝ። ካሴቱ ሄደ። ሴቶች ሳቁ። አንዷ ብርጭቆ አስቀመጠች። ከዚያ እጅግ ቅርብ፣ እጅግ ወጣት የሆነ፣ የትም ብሰማው የማልስተው ድምፅ መጣ።

«ስድስት ወር? አንቺ ደግሞ እትዬ፣ አበዛሽለት! እኔ ሦስት ነው የሰጠሁት። ቬሎውን እንኳ ተከራየሁት እንጂ መች ገዛሁት!»

ሚስቴ እጇን ከኪሷ አወጣች፤ ባዶውን። መጀመሪያ ስፒከሩን አየች፣ ከኋላው ሰው እንደተደበቀ ሁሉ። «እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ» አልኩ።

«ድገመው።»

ደገምኩት፤ አሁን አልቆረጥኩትም። እትዬ መጀመሪያ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚነቀነቀው፤ «መች ገዛሁት» ላይ ስትደርስ ግን ፈነዳች። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች። «ከኋላሽ ያማሁሽ መስሎሽ ነው? ጎንሽ እኮ ነበርኩ! በጆሮሽ እኮ ነው የነገርኩሽ!» ሚስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሶፋው ላይ ተደፋች፤ ያለቀሰች መስሎኝ ልጠጋት ስል የምትስቅ ሆና አገኘኋት። የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ስትስቅ አይቼ አላውቅም፤ ትንፋሽ አጥሯት ሶፋውን ትመታለች።

እኔ አልሳቅሁም። እውነቱን ልናገር፣ ተከፋሁ። የሃያ ሰባት ዓመት ባል ነኝ፣ የዚያችም ወንድም ነኝ፤ ሁለቱ በሰርጌ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ዕድሜዬን በወር ይቆርጡ ነበር። «እሺ፣ እኔ ምን አድርጌ ነው?» አልኩ።

«ምን አድርጌ?» አለች እትዬ። «የት ነበርክ ያኔ? የአዳራሹ ሊፍት ተበላሸ ብለው ሲያወሩ ሰምተህ፣ ሙሽራ ሆነህ፣ ኮትህን አውልቀህ ጠፋህ!»

«ሲመለስ ደግሞ» አለች ሚስቴ ከሶፋው ላይ ቀና ብላ፣ «እጁ በግሪስ ጥቁር ብሎ፣ እንደዚያው ወገቤን ያዘኝ። አምስቱ ጣት ቬሎው ላይ ቁልጭ ብሎ! አከራዮቹ መልሺ ሲሉኝ ምን እንዳልኩ ጠይቁኝ እስቲ!»

ተረስቶኝ ነበር። ሊፍቱ ግን ትዝ ይለኛል፤ ሁለት አዛውንት ውስጥ ነበሩ፣ አወጣኋቸው። ይኼን ብናገር የሚሰማኝ አልነበረም።

ሳቁ ቀስ እያለ ሲበርድ ሚስቴ ፀጉሯን ሰብስባ ተስተካክላ ተቀመጠች። እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቁልፉን አወጣችና መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «እትዬ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። ይኼን ጠዋት ስሰማው ክፍሉን ላልሰጥዎ ወስኜ ነበር» አለች።

«እኔም እምቢ ልልሽ ነበር የመጣሁት» አለች እትዬ።

«ምን?» አልን ሁለታችንም።

«ተክሉን ያመጣሁት ለዚያ ነው፤ እምቢ ስል እንዳትቀየሙኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሎሚ ላምጣ ትያለሽ እንጂ።» እትዬ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ይኼውልሽ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስመጣ የወርቅ ጠርዝ ያለውን ሳህን ታወጪልኛለሽ። ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይቀመጡ። ጥሩ ነው፣ ክፉ አይደለም። ግን ሰው በእንግዳ ሳህን እየበላ እስኪሞት ይኖራል? ደረጃው ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል ብዬ ነው። ያኔ እኮ አንቺ ነበር የምትይኝ። አበዛሽለት ያለችኝን ሴት የት ወሰድሻት?»

ሚስቴ ቁልፉን መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው። ዓይኗ ውስጥ ውኃ ሞልቷል፣ አሁን የሳቅ አይደለም። «ፈርቼ ነው» አለች። «ልጅ ነበርኩ፣ አነጋገር አልችልም ነበር። አንድ ወንድምዎን፣ በእጅዎ ያሳደጉትን ወስጄብዎ፣ ነገ አበላሸሽብኝ ቢሉኝስ እያልኩ። ከዚያ ለመድኩት። መመለሻው ጠፋኝ።»

«እሱን?» አለች እትዬ በአገጯ እያመለከተችኝ። «እሱ ምን ይበላሻል? ስሰጥሽም እንደዚሁ ነበር።»

ይኼንንም ዋጥኩት። ሚስቴ ቁልፉን ዘረጋችላት፤ «እንቺ እትዬ። ግቢና እዪው» አለች። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በእኔ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለቻት። እትዬ ቁልፉን አልተቀበለችም፣ የሚስቴን እጅ ነው ከነቁልፉ የያዘችው፤ እንደዚያው ተያይዘው ትንሽ ቆዩ። እኔ ደግሞ ልክ እንደ ሁልጊዜው ማየት ያለብኝን ሳላይ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አምፕሊፋየር አሰብኩ፤ ፀጉር ቆራጩ ታች ይጠብቃል።

እትዬ ተነሥታ፣ ጉልበቷን እየደገፈች፣ በሩን ከፍታ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። መስኮቱን ስትከፍት ሰማናት። አልጋው ላይ ስትቀመጥ ሰማናት። ከዚያ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ያኔ ነው አንድ ክፉ ሐሳብ የመጣብኝ፣ ቢያሳፍርም እናገረዋለሁ። ሁለቱ ስፒከሮቼ የቆሙት በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ ተደግፈው ነው። የእትዬ ትራስ ከግራው ስፒከር በአንድ ጡብ ነው የሚርቀው። ዓመት ሙሉ ለእህቴ ክፍል እየለመንኩ ይኼን አላሰብኩም። ጡረተኛ ናት፣ ጸጥታ ትፈልጋለች፤ በቃ ከእንግዲህ ማዞሪያው ከጉልበቱ በታች ሆኖ ሊኖር ነው፣ ገና በሦስተኛ ቀኑ። ሚስቴ ፊቴን አይታ ሳትጠይቅ ገባት። «አሁን እሱን ልታስብ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እስቲ ካሴቱ ይቀጥል፣ ከዚህ ሆኜ ልስማው» አለች እትዬ ከግድግዳው ማዶ።

ዝቅ አድርጌ ለቀቅሁት፤ ሙዚቀኞቹ የጭፈራውን ዘፈን ጀመሩ። ግማሽ ደቂቃ አልሄደም፣ ግድግዳው ከወዲያ በኩል ሁለቴ ተንኳኳ። ማዞሪያውን ቀነስኩት። እንደገና ተንኳኳ፣ አሁን በቡጢ ነው። ከዚህ በታች ሊቀነስ የሚችለው ሽቦውን በመንቀል ብቻ ነበር፤ እጄን ወደ ሶኬቱ ስሰድ የእትዬ ድምፅ መጣ።

«ማን ቀንስ አለህ አንተ ልጅ? ጨምረው እንጂ!»

ሚስቴ ይኼን ዕቃ ከመጣ ጀምሮ በጣቷ ነክታው አታውቅም። ከሶፋው ተነሣች፣ እኔን በክርኗ ገፋ አደረገችኝና ማዞሪያውን ያዘች። እኔ ከደፈርኩት በላይ አዞረችው።